ልጄ ወተት፣ እንቁላልና ዋልነት አይበላም፤ ሞስኮና ካዛን ስንሄድ ምን እናበላው?

የናቲ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ሞስኮ ነው ትዳር መሥርታ የምትኖረው። በዚህ በዐቢይ ጾም ልንጠይቃት እንሄዳለን፣ ከዚያ በባቡር ካዛን የምትባለውን ሌላ የሩሲያ ከተማ ለማየት አስበናል። የምንሄደው እኔ፣ ባለቤቴና የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ነን። የሚያስጨንቀኝ ምግቡ ነው።

ልጄ የወተትና የእንቁላል አለርጂ አለበት። ዋልነት የሚባለው የለውዝ ዓይነት ደግሞ ከሁሉም ይብስበታል፤ ትንሽ ከቀመሰ ከንፈሩ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐኪም ያዘዘለት የአድሬናሊን መርፌ አለው። እዚህ አዲስ አበባ ችግር የለብንም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሁሉ በዘይት ይሠራለታል፣ ውጭ ስንበላም «ቅቤ ገብቶበታል ወይ?» ብዬ ጠይቄ ፊታቸውን አይቼ አውቃለሁ። እዚያ ግን ቋንቋውን አልችልም፣ ምግባቸው ውስጥ ምን እንደሚገባም አላውቅም።

ባለቤቴ አለርጂ የለበትም። ግን የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ያ የኮመጠጠ ክሬማቸው ደግሞ ሽታው ራሱ አይሆንለትም። እኔ ጾመኛ ነኝ። የእህቴ አማቶች ሩሲያውያን ናቸው፣ ቤታቸው እንደሚጋብዙንም ከአሁኑ ነግረውናል። እምቢ ብለን እንዳናስቀይማቸው፣ እሺ ብለን ልጁን እንዳንጎዳው፣ እንዴት ብናደርግ ይሻላል? እዚያ የኖራችሁ እባካችሁ በዝርዝር ንገሩኝ።

ሞስኮ የከረመች

እህቴ፣ ቀድመሽ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። እኔ እዚህ ከራሺያኖች ጋር አብሬ እያበሰልኩ ነው የኖርኩት፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ስሜታና የሚሉት የኮመጠጠ ክሬም ቶሎ ይታይሻል። ቦርሽ (የቀይ ሥር ሾርባ) ላይ፣ ፔልሜኒ (ሥጋ የተጠቀለለበት የተቀቀለ ሊጥ) ላይ፣ ብሊኒ (ስስ ፓንኬክ) ላይ፣ የተጠቀለለው ጎመን ላይ፣ የትም አናቱ ላይ ጣል ያደርጉታል። ይህንን ስታዢ «ቤዝ ስሜታኒ» ካልሽ ይቀራል። ባለቤትሽ በዚህ ይገላገላል። ለልጅሽ ግን እኔን የሚያስፈሩኝ ወተቱ ውስጥ ተደብቆ የሚመጣባቸው ናቸው። ለምሳሌ ኮትሌታ። ስታዪው የተፈጨ ሥጋ ተጠብሶ ነው፣ ምንም አይመስልም። ሲሠራ ግን ነጭ ዳቦ ወተት ውስጥ ተነክሮ ከሥጋው ጋር ይለወሳል፣ ብዙ ጊዜ እንቁላልም ይጨመራል። ከጎኑ የሚቀርበው የተፈጨ ድንች በወተትና በቅቤ ነው። ሥጋና ድንች አዘዝኩ ብለሽ ልጁ ሦስት ዓይነት ወተት በላ ማለት ነው።

ቋሊማም እንደዚያው። «ዶክተርስካያ» የሚባለው ከ1936 ጀምሮ የሚሠራ በጣም የታወቀ ቋሊማ አላቸው፣ ልጅ አዋቂ የሚበላው። በመደበኛ አሠራሩ ከመቶው 25 እጅ የበሬ ሥጋ፣ 70 የአሳማ ሥጋ፣ 3 እንቁላል፣ 2 የወተት ዱቄት ነው። ስለዚህ ለልጅሽም ለባለቤትሽም አይሆንም። ይሄው ቋሊማ ተከትፎ ኦሊቪዬ የሚባለው ሰላጣ ውስጥ ይገባል፤ ኦሊቪዬ የሌለበት የበዓል ገበታ እዚህ አይቼ አላውቅም። ኦሊቪዬው በማዮኔዝ ነው የሚለወሰው፤ ማዮኔዙ እንቁላልና ሰናፍጭ አለው፣ «ፕሮቫንሳል» የሚሉት ብዙ ጊዜ የወተት ዱቄትም ይገባበታል። «ሹባ» ብለው የሚጠሩት በቀይ ሥር የተደራረበ የሄሪንግ ዓሣ ሰላጣም ማዮኔዝ በማዮኔዝ ነው።

አሁን ዋናውን ልብ በይልኝ። ቀይ ሥር ተፍቆ በነጭ ሽንኩርት የሚሠራ ሌላ ሰላጣ አለ፣ ፕሩን የሚባለው የደረቀ ፍሬና ዋልነት ይገባበታል። ተፈጭቶ ስለሚገባ በዓይን አትለዪውም፣ ቀዩ ቀለም ሁሉን ይሸፍነዋል። ቀይ ሥር የገባበት ሰላጣ ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ። ልጅሽ የሚበላው «ቪኔግሬት» የሚባለውን ነው፤ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ካሮት፣ በጨው የቆየ ኪያር፣ አንዳንዴ አተር፣ ከዚያ የሱፍ ዘይት። የእኛን የጾም ሰላጣ ነው የሚመስለው። ቢሆንም ጠይቂ።

ሌላ ምን ይበላል? ግሬችካ (የሚቀቀል ቡናማ እህል ነው፣ በሁሉም ቦታ አለ) በውሃ የተቀቀለ፣ ግን ሲያቀርቡት ቅቤ ጣል ስለሚያደርጉበት «ቤዝ ማስላ» በይ። ኡኻ የሚሉት የዓሣ ሾርባ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ነው፣ ክሬም የለውም፤ ክሬም የሚጨምሩበት ዓይነትም ስላለ ጠይቂ። ሻሽሊክ (የፍም ሥጋ) ጥሩ ነው፣ ግን በምን እንደዘፈዘፉት ሳትጠይቂ አትዘዢ። በሽንኩርትና በሆምጣጤ የሚያደርጉ አሉ፣ በከፊር (እርጎ የሚመስል የኮመጠጠ ወተት) ወይም በማዮኔዝ የሚያደርጉም አሉ። ጥቁሩ ዳቦ አብዛኛውን ጊዜ ወተትም እንቁላልም የለውም። ጣፋጭ ዳቦዎቹና ፒሮዥኪ (ውስጡ የተሞላ ትንሽ ዳቦ) ግን ሊጡ ውስጥ ባይኖር እንኳ ላዩን እንዲያብለጨልጭ እንቁላል ይቀባል።

ባሌስትራ

እኔ የምመክራችሁ ቀላል ነው። የማትፈልጉትን ሁሉ «አለርጂ ነኝ» በሉ። አሳማም አለርጂ፣ ስሜታናም አለርጂ፣ ያ ሁሉም ነገር ላይ የሚነሰንሱት እንስላል የሚመስል ቅጠልም (ኡክሮፕ) አለርጂ። ማንም አይከራከራችሁም። እኔ ራሺያ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ኩሽና ውስጥ የሠራሁ

@ባሌስትራ ወንድሜ በዚህ አልስማማም፣ እዚህ ላይ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። ሞስኮ ስማር ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ትእዛዝ ላይ «አለርጂ» ተብሎ ሲጻፍ ጥሩ ወጥ ቤት ከሆነ መክተፊያው ይቀየራል፣ ምጣዱ ይታጠባል፣ ሰሃኑ ለብቻ ይወጣል። ሥራ ነው፣ ጊዜ ይወስዳል። አስተናጋጁ «ወተት አለርጂ ነኝ» ያለው ሰውዬ ከሰዓታት በኋላ በክሬም የተሞላ ኬክ ሲበላ ካየው ወደ ውስጥ ገብቶ ይናገራል። እንደዚህ ዓይነት ሰው ሲበዛ ወጥ ቤቱ ማመኑን ያቆማል። ቀጥሎ የናቲ እናት ትመጣለች፣ የምር የሚታመም ልጅ ይዛ። ስሜታናውን በማንኪያ ገፍፈው ያመጡላታል። የሚጎዳው ያ ልጅ ነው።

ስለዚህ ሦስቱን ለየብቻ ተናገሩ። አለርጂ ለሆነው፦ «ኡ ሲና አሌርጊያ ና ማላኮ፣ ና ያይትሳ፣ ና ግሬትስኪዬ አሬሂ» (ልጄ የወተት፣ የእንቁላልና የዋልነት አለርጂ አለበት)። በሃይማኖት ለማይበላው፦ «ያ ኒ ዬም ስቪኒኑ» (የአሳማ ሥጋ አልበላም)። ብዙ ሙስሊም ያለበት አገር ስለሆነ ይህን ሲሰሙ ምክንያት አይጠይቁም። ለማትወዱት ደግሞ «ቤዝ ኡክሮፓ»፣ «ቤዝ ስሜታኒ» በቂ ነው። «ቤዝ» ማለት ያለ ማለት ነው፣ ይህችን ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ለናቲ እናት ደግሞ አንድ ነገር። በአፍ መናገሩ ብቻ አይበቃም፣ በአነጋገራችን ላይሰሙን ይችላሉ። እህትሽ በሩሲያኛ ወረቀት ላይ ትጻፍልሽ፣ በፊደላቸው፣ በትልቁ። ልጁ ምን እንደማይበላ ብቻ ሳይሆን ምን ውስጥ እንደሚገኝም ይጻፍ፤ ቅቤ፣ ስሜታና፣ ከፊር፣ ትቮሮግ (አይባቸው ነው)፣ ማዮኔዝ ብሎ በስም በስሙ። «ወተት የለውም» ብሎ ቅቤ የሚጨምር ወጥ ቤት አይቻለሁ፣ በክፋት አይደለም፣ ወተት ሲባል የሚጠጣው ብቻ ይመስላቸዋል። በመጨረሻ ደግሞ «በአንድ ምጣድና በአንድ ዘይት አይጠበስ፣ ሕይወቱ ላይ አደጋ አለው» የሚል ይጨመርበት። ወረቀቱ ወደ ወጥ ቤት ይግባ፣ አስተናጋጁ ጋ አይቅር።

ስታሎቫያ የሚሏቸው ራስን ማስተናገጃ ምግብ ቤቶች አሉ፣ ቀይ አደባባይ አጠገብ ጉም የገበያ ሕንፃ ውስጥ ያለው ስታሎቫያ 57 የታወቀ ነው። ለማይወድና ለሚመርጥ ሰው ግሩም ናቸው፤ ምግቡን በመስታወት ውስጥ እያየህ በጣትህ ታሳያለህ። ለባለቤትሽ እዚያ ይመቸዋል። ለከባድ አለርጂ ግን አልመክርም፤ የኦሊቪዬው ማንኪያ ቪኔግሬቱ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ።

የድሮው ሌኒንግራድ

ልጄ፣ እኔ በሶቪየት ዘመን ሌኒንግራድ የተማርኩ ሰው ነኝ። ያኔ አለርጂ ብሎ ነገር ለማስረዳት ቀርቶ የሚጠየቅ ሰውም አልነበረም፤ የተማሪ ምግብ ቤት የሰጡህን ነው። ሐሙስ ሐሙስ የዓሣ ቀን ነበር፣ በየምግብ ቤቱ ሁሉ ሥጋ ቀርቶ ዓሣ ይቀርባል። ዓሣ የማይወደው ጓደኛችን ሐሙስን በዳቦና በሻይ ነበር የሚያሳልፈው።

ስለ ቤት ግብዣው ልምከርሽ፣ እሱን በደንብ አውቀዋለሁ። ሩሲያዊ ቤቱ ሲጋብዝ ልክ እንደ እኛ ነው፤ ብሉልኝ፣ ጨምሩ፣ ምነው አልጣማችሁም? ይላል። ሰሃንሽ ባዶ ሆኖ ካየ ይሞላዋል። ስለዚህ ባለቤትሽ የሚወደውን ነገር ሰሃኑ ላይ ይያዝ፣ የተቀቀለ ድንችም ይሁን ኪያር፣ ቀስ እያለ ይብላ። ሰሃኑን ባዶ አያድርግ።

ኾሎዴትስ የሚባል ነገር ያቀርቡለታል። ሥጋ ተቀቅሎ መረቁ እንደ ጄሊ የረጋ፣ ቀዝቃዛ፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ እግር ያለበት ነው። ሳሎ ደግሞ በጨው የተቀመጠ የአሳማ ስብ። ፔልሜኒውም በተለምዶ የበሬና የአሳማ ሥጋ ተቀላቅሎ ነው የሚሠራው። ለነዚህ «ምኜ ኒልዝያ» ይበል፣ አይፈቀድልኝም ማለት ነው። «አልፈልግም» ካለ ትንሽ ብቻ ቅመስ ብለው ይይዙታል፤ «ኒልዝያ» ካለ ግን ወዲያው ይተዉታል። ሃይማኖትም ይሁን ሐኪም፣ ክልከላን ያከብራሉ።

የልጁን ጉዳይ ግን ገበታ ላይ ተቀምጣችሁ አትናገሩ። እህትሽ ከቀናት በፊት ደውላ ለአማቷ ትንገራት። እዚያ ያሉ እናቶች ከምትገምቺው በላይ ይጠነቀቃሉ። ለልጁ ብቻ ለይታ ታበስልለታለች፤ ሳትዘጋጅ ስትሰማ ግን ታፍራለች፣ ከዚያ «እዚህ ውስጥ ብዙም የለም» ማለት ይመጣል፣ እሱ ነው አደገኛው። ቢቻል እህትሽ የልጁን ምግብ ሠርታ ይዛ ትሂድ፣ አያት ደግሞ ፍራፍሬ ታቅርብለት።

ፋርማሲስቷ

ሰላም። መድኃኒቱን በተመለከተ ጥቂት ልበል።

መጀመሪያ ለሌሎች አንባቢዎች፦ ወተት ሲጠጣ ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው ሰው ብዙ ጊዜ የላክቶስ አለመስማማት ነው ያለበት፣ በእኛ አገር አዋቂዎች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። እንደዚህ ያለ ሰው ከፊርና የቆየ ደረቅ አይብ ብዙም ላይከብደው ይችላል፣ በሱፐርማርኬቶቻቸው ላክቶስ የወጣለት ወተትም አለ። የናቲ ግን የተለየ ነው። የእሱ የወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው፤ ከፊርም፣ ላክቶስ የሌለው ወተትም፣ ቅቤም ሁሉም ይጎዱታል። «ቤዝ ላክቶዚ» የሚል ጽሑፍ አይታችሁ እንዳትገዙለት።

አድሬናሊኑን ሁለት ያዙ፣ አንድ አይበቃም። የሐኪም ደብዳቤ በእንግሊዝኛና በሩሲያኛ ይኑራችሁ። ሻንጣ ውስጥ አይጫን፣ በእጅ ቦርሳ ይሁን፤ ልጁ ያለበት ቦታ ሁሉ መርፌውም ይኑር። ሞስኮ ስትደርሱ ገና ብርድ ሊሆን ስለሚችል በጃኬት የውጭ ኪስ አትያዙት፣ እንዳይቀዘቅዝ። እዚያ ደርሰን ከፋርማሲ እንገዛለን ብላችሁም አትሂዱ።

ሽፍታና ማሳከክ ሲመጣ የሚወሰዱት ሴቲሪዚንና ሎራታዲን እዚያም በየፋርማሲው ይገኛሉ፣ «ሱፕራስቲን» የሚባለውንም ይሰጧችኋል፣ እሱ እንቅልፍ ያመጣል። ግን አንዱም አድሬናሊንን አይተካም። ትንፋሽ ካጠረው፣ ድምፁ ከተቀየረ፣ ከበላ ደቂቃዎች በኋላ ደጋግሞ ካስመለሰው ወይም ከዛለ፣ ክኒን ሰጥታችሁ አትጠብቁ። መርፌውን ጭኑ ላይ በውጭ በኩል ውጉት፣ ልብስ ለብሶም ይሆናል። አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ፤ ትንፋሽ ከከበደው ቁጭ ይበል፣ ግን ተነስቶ አይሂድ። 103 አምቡላንስ ነው፣ 112 የሁሉም አደጋ ጥሪ ነው። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለው ሁለተኛውን ውጉት። ቢሻለውም ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ከሰዓታት በኋላ ተመልሶ ሊነሳ ይችላል።

ገንዘብ ደግሞ በጥሬው ያዙ። ከመጋቢት 2022 ወዲህ በውጭ አገር ባንክ የወጡ ቪዛና ማስተርካርድ ሩሲያ ውስጥ አይሠሩም። ፋርማሲ ቆሞ ካርድ እምቢ ሲል ማየት አትፈልጉም።

ስንዴ የማልበላ

ይቅርታ በመሐል ልግባ። እኔ ሲሊያክ የሚባል ሕመም አለብኝ፣ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) አልበላም። ይሄ ግሬችካ የሚባለው ለእኔ ይሆናል?

ሞስኮ የከረመች

@ስንዴ የማልበላ አዎ፣ ግሬችካ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም። ግን በግሬችካ የተሠራ ብሊኒ ሲሉህ ስንዴ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፣ ጠይቅ። ክቫስ ከራይ ዳቦ ወይም ከብቅል የሚጠመቅ መጠጥ ነው፣ ተወው፤ ኦክሮሽካ የሚሉት ቀዝቃዛ ሾርባም በክቫስ የሚሠራ አለ። ራሶልኒክ የሚባለው ሾርባ ገብስ አለበት። ኮትሌታው ከላይ እንዳልኩት ዳቦ አለበት። ደግሞ ግሬችካ ራሱ አለርጂ የሚሆንባቸው ሰዎች አሉ፣ ጃፓን ውስጥ እሽግ ምግብ ላይ እንዲጻፍ ሕግ አለ። በሩሲያ ዝርዝር ውስጥ ግን የለም። ቀምሰኸው የማታውቅ ከሆነ በትንሹ ጀምር።

ዝርዝር ስል፣ እሽግ ምግብ ላይ ሕጋቸው ጥሩ ነው። የጉምሩክ ኅብረታቸው 022/2011 የሚባል የምግብ መለያ ደንብ አለ፤ ወተት፣ እንቁላል፣ እንደ ዋልነት ያለ ለውዝ፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ዓሣ፣ አኩሪ አተር፣ ሰናፍጭ፣ ግሉተን ያለባቸው እህሎችና ሌሎችም በትንሹም ቢገቡ እሽጉ ላይ መጻፍ አለባቸው። ስልክሽ ላይ የሩሲያኛ ትርጉሙን ከመሄድሽ በፊት አውርጂ፣ ያለ ኢንተርኔት በካሜራ ያነብልሻል። ሃልቫና ጎዚናኪ የሚሉትን ጣፋጭ ግን ለልጁ ባትገዢ ይሻላል። በአብዛኛው የሱፍ ፍሬ ቢሆኑም ኦቾሎኒና ለውዝ በሚሠራበት ፋብሪካ ስለሚመረቱ እሽጉ ላይ «ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል» የሚል ታገኛለሽ።

ካዛን የተማርኩ

ሰላም ለሁላችሁ። ካዛን ስለምትሄዱ የእኔን ስሙኝ።

ለባለቤትሽ ካዛን እረፍት ነው። የአካባቢው ተወላጆች ታታሮች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑ ሃላል ምግብ ቤት በየመንገዱ አለ፣ የአሳማ ሥጋ ፍራቻ የለም። አንድ ነገር ግን ማንም የማይነግራችሁ አለ። ሃላል ማለት የፈረስ ሥጋ የለበትም ማለት አይደለም። ታታሮች ፈረስ ይበላሉ፣ ካዚሊክ የሚባል የደረቀ የፈረስ ሥጋ ቋሊማ የክብር ምግባቸው ነው። የኡዝቤክ ቤቶችም ፕሎቭ (ከሥጋ ጋር የሚበስል ሩዝ) ላይ «ካዚ» የሚባል የፈረስ ቋሊማ ቆርጠው ያደርጋሉ። የማትበሉ ከሆነ «ኮኒና» የሚለውን ቃል ያዙ፣ የፈረስ ሥጋ ማለት ነው። «ቤዝ ኮኒኒ» በሉ።

ለልጁ ግን የታታር ምግብ ሊጥ ይበዛበታል። ኤችፖችማክ የሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ሥጋና ድንች ያለበት ነው፣ ሊጡ ቅቤ ወይም ከፊር ወይም እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ቻክቻክ እንቁላልና ማር ነው። የዶሮ ሾርባቸው ውስጥ ያለው ፓስታም በእንቁላል ነው። ለናቲ እኔ የምመርጠው የኡዝቤክ ፕሎቭ ነው። ሩዝ፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ የበግ ወይም የበሬ ሥጋ፣ ዘይት፣ አንዳንዴ ሽምብራ፤ በትልቅ ድስት ለብቻው ይበስላል። በአሠራሩ ወተትም እንቁላልም ዋልነትም የለበትም። ከቲማቲምና ሽንኩርት ሰላጣ ጋር። ሳምሳውን (ሳምቡሳ የሚመስለውን) ግን ተዉት፣ ላዩ እንቁላል ይቀባል።

አሁን ከሁሉም የበለጠው። ሞስኮ ውስጥ የጆርጂያ ምግብ ቤት በየማዕዘኑ አለ፣ ሰዉ ሁሉ እዚያ ሂዱ ይላችኋል፣ ምግቡም በጣም ጣፋጭ ነው። ናቲን ይዛችሁ አትግቡ። የጆርጂያ ምግብ በዋልነት ላይ የቆመ ነው። ሳፂቪ በዋልነት ስጎ ነው፣ ፕኻሊ በዋልነት ነው፣ የደበርጃኑ ጥቅል በዋልነት ነው፣ ኻርቾ ሾርባው ውስጥም ተፈጭቶ ይገባል፣ ሎቢዮ የሚባለው ባቄላ ውስጥም ብዙ ጊዜ አለ። ሻሽሊክ ብቻ እናዝለታለን ብትሉ እንኳ ያ ወጥ ቤት በሙሉ ዋልነት ነው፣ ቢላዋውም ሳህኑም።

የናቲ እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የድሮው ሌኒንግራድ፣ ጋሼ፣ የነገሩኝን ለእህቴ አሁኑኑ ልኬላታለሁ፣ ለአማቷ እነግራታለሁ ብላለች። የጆርጂያውን ባትነግሩኝ እህቴ ራሷ እዚያ ልትጋብዘን ነበር ያሰበችው።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። የጾም ምግብ አላቸው ሲባል እሰማለሁ። ያው ወተትና እንቁላል የለበትምና ለልጄም ይሆናል ማለት ነው? ጾማቸው ከእኛ ጋር ይገጥማል ወይ?

ሞስኮ የከረመች

ፋሲካችን አንድ ቀን ነው የሚውለው። የእኛ ጾም 55 ቀን ነው፣ የእነሱ 48፤ ስለዚህ እኛ አንድ ሳምንት ቀድመን እንጀምራለን። ይህችን የመጀመሪያ ሳምንት ተጠንቀቂባት። እኛ ዘወረደ ብለን ስንጾም እነሱ ማስሌኒትሳ ላይ ናቸው፤ ሥጋ ትተው ሳምንቱን ሙሉ ብሊኒ በቅቤ፣ በወተት፣ በእንቁላል የሚበሉበት በዓል ነው። መንገዱ ሁሉ ብሊኒ ነው፣ ለልጅ በነፃ የሚያድሉም አሉ። ለናቲ ከዓመቱ ሁሉ የከፋው ሳምንት ይህ ነው። ከቻልሽ ከዚያ በኋላ ሂዱ።

ጾማቸው ከገባ በኋላ ብዙ ካፌዎች «ፖስትናዬ ሜኑ» የሚል ለይተው ያወጣሉ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የለበትም። ለአንቺ ጥሩ ነው፤ እንጉዳይ፣ ግሬችካ፣ የጎመን ሾርባ፣ ድንች፣ የጾም ማዮኔዝ እንኳ አለ። ግን ሽሪምፕና ስኩዊድ የሚያስገቡ ቤቶች አሉ፣ በእነሱ ዘንድ በጾም ይበላል፤ አንቺ የማትበዪ ከሆነ ጠይቂ። ለናቲ ደግሞ ጥሩ መነሻ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። ጾም የሚጾም ሰው ርዝራዥ ወተት ቢነካው አይሞትም፣ ወጥ ቤቱም እንደዚያ አስቦ ነው የሚሠራው። ይባስ ብሎ ወተቱና እንቁላሉ ሲቀር ምግቡን ለማጣፈጥ ዋልነት የሚጨምሩት በጾም ነው። ስለዚህ የጾም ሜኑውንም ይዘሽ ወረቀቱን አሳዪ።

ኩሽና ውስጥ የሠራሁ

ስለ ባቡሩ ልጨምር። የሞስኮ ካዛን ባቡር ሌሊቱን ነው የሚሄደው፣ እያንዳንዱ ፉርጎ ውስጥ የፈላ ውሃ የሚቀዳበት ትልቅ ማፍያ አለ፣ ቀንም ሌትም ይሠራል። ስለዚህ በባቡሩ ምግብ አትመኩ። በሶ ያዙለት፣ ሱፐርማርኬት ደግሞ በፈላ ውሃ የሚለሰልስ ግሬችካ በትንንሽ ከረጢት ይሸጣል፣ እሽጉን አንብባችሁ ግዙ። ሽሮና ድርቆሽም ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ቋንጣና ቅቤ ግን ተዉት፣ የእንስሳት ተዋጽኦ ድንበር ላይ ያስይዛችኋል። አውሮፕላኑ ላይ ደግሞ የጾም ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት እዘዙ፣ ለውዝ አለበት ወይ ብላችሁም አስተናጋጇን ጠይቁ።

እህትሽ ወረቀቱን ጽፋ ስትጨርስ እዚህ ለጥፊው። እኔም ሞስኮ የከረመችም አይተን የጎደለ ካለ እናስተካክልልሻለን፣ ከዚያ በደንብ ታትሞ በፕላስቲክ ይለበጥ።

የናቲ እናት

እሺ፣ እስከ እሑድ እለጥፈዋለሁ።